ማኅተም ቀራጩ

ማኅተም ቀራጭ ነኝ፤ ከፖስታ ቤት በላይ፣ ከዳገቱ ጥግ፣
ፊደል ገልብጦ መጻፍ ነው፣ እጄ የለመደው ወግ።
«ተቀብለናል»፣ «ተከፍሏል»፣ «ውድቅ ሆኗል»፣ «ጸድቋል»፣
ከኔ ጎማ ያላለፈ ውሳኔ፣ በዚህ ሰፈር የት ይታወቃል?

ሌዘር ማሽን ገዛሁ በብድር፣ እህቴን ስንቅነሽን ዋስ ጠርቼ፣
ዶላር ሲዘል ዕዳው አብሮ ዘለለ፤ እኔ ከታች ቀረሁ ሽቅብ አይቼ።
የባንኩ አለ፤ የአቶ ኑረዲን የጎማ ዋጋ አለ፤
ዕጣ ደርሶኝ የበላሁት፣ ያልጣልኩት የዕቁብ ብር አለ።
የአራጣውን ሰው ስም አልጠራም፤ አይሰድብም፣ አይቆጣም፣
«ጤና ነው?» ይላል ብቻ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አይመጣም።

በዶሮ ማነቂያ ጓሮ ለጓሮ መሄድ ለመድኩ።
አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ፤ ከጠረጴዛው ሥር ተደበቅኩ፤
የሰው ጫማ አየሁ፣ ቡናማ፣ ማሰሪያው የላላ።
ጥቂት ቆሞ ሄደ። ከሄደ በኋላ
በበሩ ሥር የሰደዳትን ወረቀት ሳነበው፦
«ተከፍሏል» የሚል ማኅተም፣ ሦስት ፍሬ ነው ያዘዘው።

ጠበቃዋ ትርንጎ ትባላለች፤ ሜክሲኮ፣ ሊፍት የማይሠራበት
ፎቅ ላይ። «ስንት ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «መጠኑን ሳያውቁት
ነው እንዴ የሚሸሹት?
ነጋዴ ነዎት፤ ሕጉ በር አለው፤ ሳይጎትቱዎት ቀድመው ይግቡ፣
ያለዎትን፣ ያለብዎትን፣ ማንኪያ ሳትቀር ይመዝግቡ።»

ሰባት ገጽ ሆነ።
ሰባት ገጽ ብቻ መሆኑ ገረመኝ፤
ሌሊት ሌሊት ሳየው እኮ፣ እንጦጦን ያህል ነበር የታየኝ።

ልደታ። «ማስረሻ ድልነሳው!» ብሎ ጸሐፊው ጠራ፤
ማስረሻ ተባልኩ እንጂ ማንንም አላስረሳሁ፤ ያበደረኝ ሁሉ ቆሟል በተራ።
«ከስሬያለሁ» አልኩ። ድምፄ ወጣ። ጣሪያው አልወደቀም፤
ዳኛዋ ከመዝገቡ ላይ ቀና እንኳ አላለችም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ክሱ ቆመ፣ ሐራጁ ታገደ፤
ባለአደራ ተሾመና ሱቄን ሊቆጥር ወረደ።
ማሽኑን ጻፈ፣ ወንበሩን ጻፈ፤ የመቅረጫ ቢላዋዬን አንስቶ
«ይህቺ የእንጀራህ ናት» አለኝ፤ ሰጠኝ ከዝርዝሩ አውጥቶ።

ስብሰባ ተጠራ። የባንኩ ልጅ ክራቫቱን እያጠበቀ
«ሁሉም ይሸጥ» አለ፤ የዕቁቡ ዳኛ መሬት መሬቱን አየ፣ ተሳቀቀ።
«ጤና ነው?» ባዩ አልመጣም፤ የሱ ሒሳብ ብርሃን አይወድም።
አቶ ኑረዲን ተነሱ፤ ሰውየው በሰው ፊት መናገር አይወዱም፦

«አያቴ በጥንቱ ጊዜ፣ ከባለዕዳቸው ጋር በነጠላ ታስረው፣
ቁራኛ ሆነው፣ ሲነሳ ተነስተው፣ ሲተኛ ተኝተው፣
ክረምቱ ወጣ፤ አንዲት ጠገራ ብር ሳያገኙ።
የሁለቱም ማሳ ጦም አደረ። እስረኛውም፣ ያሰረውም ለማኝ ሊሆኑ ተመኙ!
እኔ አልታሰርም ከዚህ ልጅ ጋር። እጁን ፍቱልኝ፤
ሲቀርጽ ነው የሚከፍለኝ።»

ከመቶ አርባ፣ በሦስት ዓመት፤ የቀረው ይቅር ተባለ።
ማሽኑን ባንኩ ወሰደ፤ ቦታው ላይ አራት የእግር ምልክት አለ።
ስንቅነሽን ግን ሕጉ አላዳነልኝም፤ ዋስ ናትና ሐብሏን ሸጠች፤
«ተወው» አለችኝ፤ አንገቷን በሻርፕ ሸፈነች።

አሁን ስልኬ ሲጠራ አነሳለሁ። በዋናው መንገድ እሄዳለሁ።
ፊደል ሥራዬ ነውና፣ ማታ ማታ ሁለት ቃል አነጻጽራለሁ፦
ታሰረ። ከሰረ።
ልዩነቱ አንድ ፊደል፤ እኔ ግን በዚያች ፊደል አደርኩ፣
በመጀመሪያው ውስጥ ሦስት ዓመት፣ በሁለተኛው ተፈታሁ፣ ቀለል አልኩ።

ባለ ቡናማ ጫማው ተመልሶ መጣ፤ ሦስቱንም ሠርቼ ሰጠሁ።
ትንሽ ጎማ ተረፈኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።
አልነካኋትም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ይቀራል፤
ከዚያም በላይ፣ የስንቅነሽ አንገት ይቀራል።